ከለሆሳስ እስከ ከፍተኛ ድምፅ፦ በቬዳ ሥርዓት ቃል የሚነገርበት መንገድ

በሕንዳውያን አቆጣጠር ሽራቫና በሚባለው ወር ጨረቃ ሙሉ የምትሆንበት ዕለት ብዙውን ጊዜ የሚውለው በእኛ ነሐሴ ወር ውስጥ ነው። በሰሜኑ የሕንድ ክፍል እኅቶች በወንድሞቻቸው እጅ ላይ ክር የሚያስሩበት ራክሻ ባንድሃን የተባለው ታዋቂ በዓል የሚከበረው በዚሁ ዕለት ነው። በተለይ በደቡብ ሕንድ ደግሞ ብዙ የብራህሚን ቤተ ሰቦች በዕለቱ ኡፓካርማ የተባለውን በዓል ያከብራሉ፤ የሪግ ቬዳና የሳማ ቬዳ ወገኖች ግን ለዚሁ በዓል የየራሳቸው ቀን አላቸው። ወንዶቹ በማለዳ ታጥበው፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ጎን የሚወርደውን ቅዱስ ክር በአዲስ ይለውጣሉ። ቬዳን ተቀብለው ላስተላለፉት ጥንታውያን ጠቢባን ስማቸውን እየጠሩ ውሃ ያፈስሳሉ። ከዚያም የዓመቱን የቬዳ ትምህርት እንደገና ይጀምራሉ። ኡፓካርማ የሚለው ስም ትርጓሜውም መጀመር ማለት ነው።

በዚህ የትምህርት በዓል ላይ የግድ መከፈት ያለበት መጽሐፍ የለም። መምህሩ ይናገራል፣ ተማሪው ሰምቶ ይደግማል። ቬዳ ሽሩቲ እየተባለ ይጠራል፤ ይህም የተሰማ ማለት ነው። ከአራቱ ቬዳዎች ቀዳሚ የሆነው ሪግ ቬዳ በ10 ክፍሎች የተመደቡ 1,028 መዝሙራትን የያዘ ሲሆን፣ ቁጥራቸው ከ10,000 የሚበልጥ አንጓዎች አሉት። አብዛኞቹ ሊቃውንት እንደሚስማሙበት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1500 እስከ 1000 ባሉት ዘመናት ገደማ የተደረሰ ነው። ይህ ሁሉ ለብዙ መቶ ዓመታት በጽሑፍ ሳይሰፍር ከአፍ ወደ ጆሮ ሲተላለፍ ኖሯል። ከተጻፈም በኋላ ቢሆን የሚታመነው ከመምህር አፍ የተገኘው ቃል ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ብዛት ያለው ቃል ሳይፋለስ እንዴት ሊቆይ ቻለ? እኛ በዚህ ጽሑፋችን የምንመለከተው ቃሉ በምን ዓይነት ድምፅ፣ በማን አፍና በየትኛው ጊዜ እንደሚነገር የሚወስኑትን ሥርዓቶችና ስሞቻቸውን ነው። በመጨረሻም ይህ ጥንታዊ ዕውቀት ዛሬ የተጋረጠበትን አደጋ እናነሣለን።

ስለ ድምፅ ስሕተት የሚነገረውን አንድ ጥንታዊ ታሪክ እናስቀድም። ትቫሽታር የተባለው የአማልክት ባለ እጅ ልጁን ቪሽቫሩፓን ኢንድራ ገደለበት። ትቫሽታርም ለመበቀል ሲል መሥዋዕት አቀረበና ኢንድራን የሚገድል ልጅ እንዲወለድለት ቃል ተናገረ። የተናገረው ቃል «ኢንድራሻትሩ» የሚል ነበር። ይህ ቃል የመጨረሻው ክፍለ ቃል ከፍ ተደርጎ ሲነገር የኢንድራ ገዳይ ማለት ይሆናል። የመጀመሪያው ከፍ ሲል ግን ኢንድራ ገዳዩ የሆነበት ማለት ይሆናል። ትቫሽታር የኋላውን ከፍ ማድረግ ሲገባው የፊቱን ከፍ አደረገ። ቭሪትራ የተባለው ኃያል ልጅ ተወለደ፤ ሆኖም ገዳይ መሆኑ ቀርቶ በኢንድራ እጅ ተገደለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት ገደማ የነበረው ታላቁ የሰዋስው ሊቅ ፓታንጃሊ፣ ሰዋስው ስለምን መማር እንዳለበት ሲያስረዳ ይህንኑ ታሪክ በምሳሌነት ጠቅሶታል።

ነገሩ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች እንግዳ አይደለም። «ዋና» የሚለውን ቃል በጽሑፍ ብቻ ያየ ሰው፣ በውሃ ውስጥ የሚደረገውን ዋና ይሁን ወይስ ከሌላው የሚበልጠውን ዋና ነገር ፊደሉ አይነግረውም። ሁለቱን የሚለያቸው «ና»ን ማጥበቅና ማላላት ነው፤ ይህንንም የሚያውቀው ጆሮ ነው። በአገራችን ንባብ ቤት ገብቶ ግእዝ የተማረ ሰውም ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ የሚባሉትን የንባብ ስልቶች ያውቃል። ወዳቂውን አንሥቶ፣ ተነሹን ጥሎ ቢያነብብ የመምህሩ ተግሣጽ ይጠብቀዋል።

የቬዳ ሊቃውንትም ለዚሁ ጉዳይ ሦስት ስሞች ሰጥተዋል። ኡዳታ ማለት ከፍ የተደረገ ማለት ነው። አኑዳታ ከፍ ያልተደረገው ነው። ስቫሪታ ደግሞ ከከፍታው ጀምሮ ወደ ታች የሚወርደው ነው። በጽሑፍ በሰፈረው ሪግ ቬዳ ላይ አኑዳታ ከፊደሉ ግርጌ በአግድም መስመር፣ ስቫሪታም ከፊደሉ ራስ ላይ በቁም መስመር ይመለከታል፤ ኡዳታ ምልክት የለውም። ይሁን እንጂ ልጆች ይህን የሚማሩት ከመስመሩ አይደለም። በኬረላ በሚገኙት የናምቡዲሪ ብራህሚኖች ዘንድ መምህሩ የልጁን ራስ በእጁ ይዞ፣ ድምፁ ሲነሣና ሲወድቅ አብሮ ቀና ዝቅ እያደረገ ያስተምረዋል። በሌሎች ዘንድም የእጅ እንቅስቃሴ ይህንኑ ተግባር ይፈጽማል። ዜማው ከምላስ ጋር በአንገትና በክንድም እንዲታወስ ማለት ነው።

ሺክሻ የሚባለው የአነጋገር ትምህርት ከቬዳ ስድስት አጋዥ ዕውቀቶች አንዱ ነው። በታላቁ ሰዋስወኛ በፓኒኒ ስም የሚጠራው የሺክሻ ድርሰት ስለ ድምፅ ርዝመት ሲያስተምር የእንስሳትን ድምፅ ምሳሌ ያደርጋል። የቁራ ጩኸት የሁለት ምት፣ የጣዎስ ጩኸት የሦስት ምት ርዝመት አለው ይላል። ተናጋሪው ድምፆችን እንዴት መያዝ እንዳለበት ሲያስረዳም እናት ነብርን ይጠቅሳል። ነብሯ ግልገሎቿን በጥርሷ ይዛ ስትጓዝ እንዳይወድቁባትም እንዳትነክሳቸውም ትጠነቀቃለች። አንባቢም ድምፁን ሳይጥል ሳይጨፈልቅ እንዲሁ ሊይዘው ይገባል።

ይኸው ድርሰት ስድስት ዓይነት መጥፎ አንባቢዎችን ይዘረዝራል። ያለ ቦታው የሚያዜም፣ የሚቸኩል፣ ራሱን የሚነቀንቅ፣ ከጽሑፍ ላይ የሚያነብብ፣ ትርጉሙን የማያውቅና ድምፀ ደካማ የሆነ፣ እነዚህ ሁሉ ነቀፋ አለባቸው። ከጽሑፍ ማንበብ ከነውር መቆጠሩ አንባቢን ሊያስገርም ይችላል። ምክንያቱ ግን ከላይ ካየነው የትቫሽታር ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጽሑፍ ዝም ስለሚል ስሕተትን አያርምም።

የድምፅ መነሣትና መውደቅ አንድ ነገር ሆኖ፣ የድምፅ መጠን ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ታይቲሪያ የተባለው የያጁር ቬዳ ቅርንጫፍ የአነጋገር ድርሰት የንግግር ስፍራዎች ሰባት ናቸው ብሎ በደረጃ ያስቀምጣቸዋል። የመጀመሪያው ኡፓምሹ ነው፤ ከንፈርና ምላስ ይንቀሳቀሳሉ፣ ድምፅ ግን አይሰማም። ሁለተኛው ድቫና ይባላል፤ ጉርምርምታው ይሰማል፣ ፊደላቱ ግን አይለዩም። በሦስተኛው በኒማዳ ፊደላቱ ይለያሉ። አራተኛው ኡፓብዲማት በግልጽ ድምፅ የሚነገረው ነው። የቀሩት ሦስቱ ማንድራ፣ ማድያማና ታራ ይባላሉ፤ መነሻቸውም እንደ ቅደም ተከተላቸው ደረት፣ ጉሮሮና ራስ ነው።

እነዚህ ሦስት የመጨረሻ ድምፆች ከቀኑ ሰዓት ጋር የተያያዙ ናቸው። ሶማ የተባለው ተክል ተጨምቆ በሚቀርብበት ታላቅ መሥዋዕት፣ የጠዋቱ ንባብ በዝቅተኛው የደረት ድምፅ፣ የቀትሩ በመካከለኛው የጉሮሮ ድምፅ፣ የማታውም በከፍተኛው የራስ ድምፅ ይነገራል። ከላይ የጠቀስነው የሺክሻ ድርሰት የጠዋቱን ድምፅ ከነብር፣ የማታውን ከጣዎስ ድምፅ ጋር ያመሳስለዋል።

በዚህ መሥዋዕት የሚያገለግሉት ካህናት በአራት ዋና ዋና ወገኖች ይከፈላሉ፤ እያንዳንዱም ወገን የራሱ አነጋገር አለው። ሆትሪ የተባለው ካህን የሪግ ቬዳን አንጓዎች ድምፁን ከፍ አድርጎ ይናገራል። ኡድጋትሪ የሳማ ቬዳን ዜማ ያዜማል። አድቫርዩ እሳቱን፣ ዕቃውንና መባውን እያዘጋጀ የያጁር ቬዳን ቃል በለሆሳስ፣ ማለትም በኡፓምሹ፣ ያነበንባል። ብራህማን የተባለው አራተኛው ካህን ደግሞ በዝምታ ተቀምጦ ሁሉን ይከታተላል።

የአድቫርዩ ለሆሳስ ልዩ ደንብ አለው። ለሌላ ካህን ትእዛዝ ሲሰጥ ወይም ቃል ሲመላለስ ድምፁን ማሰማት አለበት። የዚህ አስተዋይነት ግልጽ ነው፤ ለዕቃውና ለመባው የሚነገረው ቃል በለሆሳስ ቢሆን ይበቃል፣ ለሰው የሚነገረው ግን መሰማት ይኖርበታል። ፓኒኒም በሰዋስው መጽሐፉ ውስጥ ስለ መሥዋዕት ንባብ የተለየ ደንብ ደንግጓል። በመሥዋዕት ጊዜ የሚነገረው ቃል ኤካሽሩቲ በተባለው ከፍታና ዝቅታ በሌለው አንድ ወጥ ድምፅ ይነገራል፤ ከዚህ ውጭ የሆኑት በለሆሳስ የሚደገመው ጸሎት፣ ኒዩንካ የተባለው ኦም የሚለው ድምፅ የሚደጋገምበት አባባልና የሳማ ዜማ ናቸው። ከዚህ የምንረዳው፣ በዚያ ዘመን ሰዋስው የቋንቋ ጥናት ብቻ ሳይሆን የመቅደስ አገልግሎትም እንደነበረ ነው።

ለለሆሳሱ መነሻ የሆነ ሌላም ታሪክ አለ። ሻታፓታ ብራህማና የተባለው ጥንታዊ ድርሰት እንደሚተርከው፣ ልቡናና ቃል ማን ይበልጣል ተባብለው ተከራከሩ። ልቡና፣ አንቺ እኔ ያላሰብሁትን አትናገሪም፣ ከኋላዬ የምትሄጂ ነሽ አላት። ቃልም በበኩሏ፣ አንተ ያወቅኸውን የምገልጠው እኔ ነኝ አለች። ወደ ፍጥረት ጌታ ወደ ፕራጃፓቲ ሄደው ፍርድ ጠየቁ። ፕራጃፓቲም ለልቡና ፈረደ። ቃል በዚህ ተዋርዳ፣ እንግዲህ ለአንተ መባ አላደርስም ብላ ማለች። ስለዚህ በመሥዋዕቱ ለፕራጃፓቲ የሚቀርበው ሁሉ በለሆሳስ ይደረጋል ይላል ታሪኩ። የቃል ቅሬታ እስከ ዛሬ በካህኑ ከንፈር ላይ ይታያል ማለት ነው።

ዝምተኛው ብራህማንም የሚወክለው ልቡናን ነው። ቻንዶግያ ኡፓኒሻድ መሥዋዕት ሁለት መንገድ፣ ማለትም ልቡናና ቃል፣ እንዳለው ያስተምራል። ብራህማኑ ዝምታውን ያለ ጊዜው ቢያፈርስ መሥዋዕቱ በአንድ መንኩራኩር እንደሚሄድ ሠረገላ ይሰናከላል። ሌሎቹ ካህናት በቃል ወይም በሥራ ሲሳሳቱ ስሕተቱን የሚጠግነውም እርሱ ነው። ስለዚህ ከሁሉ የበለጠ እንዲያውቅ የሚጠበቅበት ምንም የማይናገረው ካህን ነው።

ይህ የታላላቅ መሥዋዕቶች ሥርዓት ለብዙው ምእመን ሩቅ ቢሆንም፣ የድምፅ ደረጃው በዕለት ጸሎት ውስጥ ይገኛል። አንድን ቅዱስ ቃል ደጋግሞ መናገር ጃፓ ይባላል። ጃፓ ሦስት ዓይነት ነው፤ ቫቺካ ለሌላው በሚሰማ ድምፅ፣ ኡፓምሹ ከንፈርን በማንቀሳቀስ ብቻ፣ ማናሳ ደግሞ በልብ ብቻ የሚደረገው ነው። በማኑ ስም የሚታወቀው የሕግ መጽሐፍ ጃፓ ከተለመደው መሥዋዕት አሥር እጥፍ፣ በኡፓምሹ ሲሆን መቶ እጥፍ፣ በልብ ሲሆን ሺህ እጥፍ ይበልጣል ብሎ ያስቀምጠዋል። ድምፁ እየቀነሰ ሲሄድ ዋጋው ይጨምራል ማለት ነው። ይሁንና ጀማሪ በድምፅ መጀመሩ የተለመደ ነው፤ በአፉ አስተካክሎ ያላወቀውን በልቡ አስተካክሎ ሊለው አይችልምና።

የኡፓካርማ ማግሥት ለዚህ ምሳሌ ይሆነናል። በዚያ ዕለት ጋያትሪ የተባለው ጸሎት ብዙውን ጊዜ 1,008 ጊዜ ይደገማል። ጋያትሪ ከሪግ ቬዳ ሦስተኛ ክፍል የተወሰደች፣ ሳቪታር ለተባለው የፀሐይ አምላክ የቀረበች፣ እያንዳንዳቸው ስምንት ክፍለ ቃል ባላቸው ሦስት ስንኞች የተዋቀረች አጭር ጸሎት ናት። በዚያ ማለዳ በርካታ ሰዎች በአንድ ቤት ተቀምጠው እየደገሙ የሚሰማው ነገር እጅግ ጥቂት ሊሆን ይችላል።

ቃሉ እንዳይፋለስ የተበጀውን ሌላውን ዘዴ ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። ይህም ቃላትን እየገለባበጡ የመድገም ስልት ነው። ፓዳ በሚባለው እያንዳንዱ ቃል ለብቻው ተነጥሎ ይነገራል። ክራማ በሚባለው ቃላት ሁለት ሁለት እየሆኑ ይያያዛሉ። ቃላቱን ሀ፣ ለ፣ ሐ ብንላቸው፣ በክራማ ሀለ፣ ለሐ እየተባለ ይቀጥላል። በጃታ ሀለ፣ ለሀ፣ ሀለ ይባላል። ከሁሉ በሚከብደው በግሃና ደግሞ ሀለ፣ ለሀ፣ ሀለሐ፣ ሐለሀ፣ ሀለሐ ይባልና ወደሚቀጥለው ቃል ይታለፋል። በዚህ መንገድ አንድ ቃል ቢዘለል ወይም ቢለወጥ ስሕተቱ ወዲያው ይጋለጣል። በኬረላ በካዳቫሉር በሚገኘው የራማ ቤተ መቅደስ የትሪሹርና የቲሩናቫያ ትምህርት ቤቶች የሪግ ቬዳ ተማሪዎች በእነዚህ ስልቶች የሚፈታተኑበት አንዮንያም የተባለ ውድድር አለ።

ይህን ሁሉ ለመማር ብዙ ዓመታት ይፈጃል። ጀማሪው ልጅ ነው፤ ሲጨርስ ጎልማሳ ይሆናል። ዕውቀቱም ዛሬ የሚያስገኘው ገቢ ጥቂት ነው። ብዙ ሕንዳውያን መምህራን ወደ አገራችን ትምህርት ቤቶች በመጡባት በኬረላ ግዛት፣ ናምቡዲሪዎች ባለ ርስት ስለነበሩ ልጆቻቸውን ለዚህ ትምህርት ማቆየት ይችሉ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የመሬት ይዞታ ማሻሻያ መሬቱን ለሚያርሱት ገበሬዎች ሲያስተላልፍ፣ ለገበሬዎቹ ፍትሕ ሆነ፤ ለቬዳ ትምህርት ቤቶች ግን የቆሙበትን መሠረት አሳጣቸው። ልጆቹም ወደ ዘመናዊ ትምህርትና ወደ ደመወዝ ሥራ ሄዱ።

እዚህ ላይ ሳንጠቅሰው የማናልፈው እውነት አለ። ይህ ዕውቀት ለዘመናት የጥቂቶች ብቻ ነበር። ጥንታውያኑ የሕግ መጻሕፍት ሹድራ የሚባሉትን የታችኛውን ክፍል ሰዎች ቬዳን ከመስማት እንኳ ከልክለዋቸዋል፤ ሴቶችም ከትምህርቱ ውጭ ሆነው ኖረዋል። ቃሉን እንዲህ በጥንቃቄ የጠበቀው አጥር ብዙ ጆሮዎችንም ከውጭ አስቀርቷል። ዛሬ በአንዳንድ ስፍራ አጥሩ ተከፍቷል፤ በፑኔ ከተማ ለምሳሌ ሥርዓቱን የተማሩ ሴቶች በሠርግና በሌሎች ሥነ ሥርዓቶች በክህነት ያገለግላሉ።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1975 በኬረላ ፓንጃል በተባለችው መንደር ናምቡዲሪዎች አግኒቻያና የተባለውን፣ መሠዊያው በወፍ ቅርጽ ከጡብ የሚሠራበትን የ12 ቀን መሥዋዕት አከናወኑ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩት የኔዘርላንድ ተወላጅ ፍሪትስ ስታል ሥርዓቱ ሳይጠፋ ይመዘገብ ዘንድ ከባልደረቦቻቸው ጋር በፊልምና በድምፅ ቀረጹት፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ዓ.ም. ደግሞ በሁለት ታላላቅ ቅጾች አሳተሙት። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የቬዳ ንባብን እ.ኤ.አ. በ2003 ከሰው ልጅ የቃልና የማይዳሰሱ ቅርሶች ተርታ መሆኑን አውጇል፤ በ2008 ደግሞ በመዝገቡ አስፍሮታል። ድርጅቱ እንደገለጸው፣ ከአንድ ሺህ ከሚበልጡት የቬዳ ንባብ ቅርንጫፎች የተረፉት 13 ብቻ ናቸው። በማሃራሽትራ፣ በኬረላ፣ በካርናታካና በኦሪሳ የሚገኙ አራት ስመ ጥር ትምህርት ቤቶችም የመጥፋት አደጋ የተቃረባቸው ተብለው ተጠቅሰዋል።

ስለ ቀረጻው ብዙ መልካም ነገር ይባል ይሆናል፤ ተገቢም ነው። የድምፅ ክር ቃሉን ይደግማል፤ ልጁ ኡዳታውን ሲጥል ግን ሰምቶ አያርመውም፤ ራሱንም ይዞ ቀና አያደርገውም። ድርሰቱ ከጽሑፍ ማንበብን የነቀፈበት ምክንያት ለዚህም ይሠራል። አንድ ቅርንጫፍ ተረፈ የሚባለው ቢያንስ አንድ አዋቂ መምህርና አንድ የሚሰማ ተማሪ ሲኖሩት ነው።

በዘንድሮውም ኡፓካርማ በሕንድ መንደሮችና ከተሞች፣ ሕንዳውያን በተሰደዱባቸው አገሮችም ሁሉ፣ አባቶች የመጀመሪያዎቹን ቃላት ይናገራሉ፤ ልጆችም ይቀበሏቸዋል። አንዱ ከፍ አድርጎ፣ ሌላው በለሆሳስ፣ ሌላውም በልቡ ይለዋል። ቃሉ ሳይወድቅና ሳይነከስ ከአፍ ወደ አፍ ይሸጋገር ዘንድ እየተመኘን፣ በዓሉን ለሚያከብሩ ሁሉ መልካም በዓል እንላለን።